የኪዮቶዋ ጣውላ

የሺሀረግ የገዛ እጇን ጽሑፍ ያየችው በሰው ስልክ ላይ ነው። ያውም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልሳነወርቅ ሳሎን ውስጥ፣ ለወሩ ማኅበር ከተሰበሰቡ ዘጠኝ ሴቶች መሃል ተቀምጣ፣ የዳቦ ቁራሽ ወደ አፏ እያስጠጋች።

«ይቺን ጉድ አላያችሁም?» አለች ልሳነወርቅ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ናት፤ የሲልቨር ስፕሪንግን ወሬ ግማሹን የምትሰማ፣ ግማሹን የምታሰማ። ስልኳን ከውሃ ጠርሙሱ ጋር አስደግፋ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

ቪዲዮው የባርናባስ ነው። ባርናባስ እዚሁ ዊተን ያደገ፣ አገር ላገር እየዞረ ቲክቶክ የሚሠራ ልጅ ነው። ከኋላው ሰዎች ልመናቸውን የጻፉባቸው ትናንሽ የእንጨት ጣውላዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ተንጠልጥለዋል። «ወገን! ጃፓን ነኝ፣ ኪዮቶ! የሺንቶ መቅደስ ውስጥ ነኝ፣ እና ጌስ ዋት?» አለና ካሜራውን ወደ አንዷ ጣውላ አስጠጋ። «አማርኛ! በናታችሁ አንብቡልኝ!»

ልሳነወርቅ መነጽሯን አስተካክላ ጮክ ብላ አነበበችው።

«የዚህ አገር አምላክ ሆይ፣ አላውቅህም፤ አንተም አታውቀኝም፤ የምነግርህም ለዚህ ነው። ስድስት ዓመት አጠብኩት፣ አጎረስኩት። ደከመኝ። ባሌን ውሰደውና አሳርፈው። እኔንም አሳርፈኝ።»

ስም የለውም። ግን አራት ነጥቡ ሁሉ በነጥብ ፈንታ አራት ትናንሽ ክቦች ሆኖ ተጽፏል፤ ሽምብራ የተበተነ ይመስላል። አራት ነጥብን እንዲህ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች የሺሀረግ በዕድሜዋ ያየችው ሁለት ብቻ ነው። አንደኛዋ እራሷ ናት፤ ሶፋው ላይ ዳቦ ይዛ ተቀምጣለች።

«ወይ ጉድ! ባሏን ለጣዖት ሰጠችው’ኮ!» አለች አንዷ።

«ሴት ናት ይቺ? እባብ እንጂ!»

«ስድስት ዓመት አጠብኩት ብላ ነው የምታማርረው?» አለች ልሳነወርቅ። «ይቺ የኛዋ የሺ ጋሽ ተሻገርን ስድስት ዓመት ስታስታምም አንድ ቀን ክፉ ቃል ወጥቷታል? ሚስት ማለት እንዲህ ነው!» ብላ የየሺሀረግን ጉልበት መታ መታ አደረገች።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። አንድ ነገር መናገር ነበረባት።

«እግዜር ይይላት» አለች የሺሀረግ።

ሰው ራሱን መራገም እንዲህ እንደሚቀለው እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር።

ጃፓን መሄዷን ማኅበሩ አያውቅም። ባሏን አልጋ ላይ ጥላ ሽርሽር ሄደች እንዳይሏት፣ የአክስቴ ልጅ ወልዳ ዳላስ ልጠይቃት ነው ብላ ነበር የጠፋችው። እውነቱን የሚያውቁት ልጇ ሂዊና ባሏ ተሻገር ብቻ ናቸው። ሂዊ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛ አታነብም። ተሻገር ግን ያነባል። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከወሰደው ወዲህ ታብሌቱን ደረቱ ላይ አቁሞ በግራ እጁ ቪዲዮ ሲገለብጥ ነው የሚውለው። ሴቶቹ ቢያውቁባት ሌላ ማኅበር ትገባለች። ተሻገር ቢያይ ግን ሌላ ባል የላትም፤ አትፈልግምም። ዳቦውን መሶበወርቁ ላይ መልሳ ተነሣች።

*

ጃፓን ሂጂ ያላት እሱ ራሱ ነው። ሂዊ አርሊንግተን የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ዓመቱን ሙሉ በአውሮፕላን ሲያመላልሳት የተጠራቀመላት የነጻ ትኬት ማይልስ ነበር፤ «ማሚ፣ ዩ ኒድ ኤ ብሬክ» ብላ ድርቅ አለች። የሺሀረግ እምቢ ስትል ተሻገር ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ በከበደው ምላሱ፣ «ሂጂ፣ ተንፍሺ። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም» አለና በግማሽ አፉ ሳቀ። የጉዞዋን ዘጠኝ ቀን ከኤጀንሲ የመጣ አስታማሚ አብሮት ሰነበተ።

ኪዮቶ የገቡ ዕለት የሺሀረግ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛች። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሦስት ሰዓት በላይ በአንድ ጊዜ ተኝታ አታውቅም፤ ሌሊት መገልበጥ አለ፣ አንሶላ መቀየር አለ፣ ሲያስል መደገፍ አለ። ስትነቃ እንቅልፉ ጣፈጣት፤ ስለጣፈጣትም አለቀሰች። ጉዱ የመጣው ከዚያ እንቅልፍ ነው። ሰው ድካሙን የሚያውቀው ጥቂት ሲያርፍ ነው።

በአራተኛው ቀን ሂዊ መቅደሱ ጋ ወሰደቻት። ስሙን ሦስት ጊዜ ነገረቻት፣ ሦስቱንም ጊዜ ረሳችው። ዕድሜው ከሺህ ዓመት በላይ ነው አለቻት። ሁለት ቋሚና ሁለት አግዳሚ ግንድ ብቻ የሆነ፣ መዝጊያ የሌለው ቀይ በር አለው፤ ከበሩ ወዲያ ጥቅጥቅ ያለ ደን። የሺሀረግ እንደ ደንቧ በሩ ላይ ጫማዋን አወለቀች።

«ማሚ፣ ኖ! እዚህ ሹዝ አይወለቅም!» አለች ሂዊ አፍራ።

ቅጠል ይጠርጉ የነበሩ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። መጥረጊያቸውን ትተው ወገባቸው እስኪታጠፍ እጅ ነሷት። እሷም ነሳች። ሽማግሌው ደገሙ፣ እሷም ደገመች። የደብረ ሲና ሰው በእጅ መንሳት አይበለጥም፤ ሦስተኛውን ዙር ሂዊ ጎትታ ባታስጥላቸው እዚያው ይመሽባቸው ነበር።

ከዚያ ሁሉን ሂዊ እየነገረቻት አደረገች። ከድንጋዩ ገንዳ በጭልፋ ውሃ ቀድታ መጀመሪያ ግራ እጇን፣ ቀጥሎ ቀኟን ታጠበች፤ አፏን ተጉመጠመጠች። በመንገዱ ጠርዝ ሄደች።

«መሃሉን አትሂጂ፣ መሃሉ የካሚ ነው» አለቻት ሂዊ።

«ካሚ ማነው?»

«ጎድ። አይ ሚን፣ ጎድስ። ብዙ ናቸው። ዛፉም፣ ወንዙም፣ ድንጋዩም ካሚ ሊኖረው ይችላል።»

የሺሀረግ አማተበች። ጥቂት እልፍ ሲሉ ግን ወገቡን በወፍራም የገለባ ገመድ የታጠቀ፣ ከገመዱ ላይ ነጭ ወረቀት የተንጠለጠለበት ትልቅ ዛፍ ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች። አያቷ ቅቤ የሚቀቧት፣ ቄሱም ሁልጊዜ በሷ የተነሣ የሚቆጧቸው ዛፍ ትዝ አለቻት። «ይሄማ አድባር ነው» አለች። ሂዊ አድባርን ስለማታውቅ «ዬስ» ብላ አለፈች።

ዋናው ቤት ውስጥ ሥዕል የለም፣ ምስል የለም። ያለው ነገር ከመጋረጃና ከሳንቃ በስተኋላ ነው፤ ማንም አያየውም። ሁለቴ አጎነበሱ፣ ሁለቴ አጨበጨቡ፣ አንዴ አጎነበሱ። የሚታይ ጣዖት ቢኖር የሺሀረግ ጥላው ትሮጥ ነበር። ታቦትም አይታይም፤ የተሸፈነ ነገር ግን ትፈራለች፣ ታምናለችም።

ጣውላዎቹን ያየችው ስትወጣ ነው። ጥንት ለመቅደስ የሚሳል ሰው ፈረስ ይሰጥ ነበር አለቻት ሂዊ፣ ከስልኳ እያነበበች፤ ፈረስ መስጠት ያልቻለ ደግሞ ፈረስ የተሳለበት ጣውላ ይሰጣል። ኤማ ይሉታል። ዛሬ ሁሉም ጣውላ ገዝቶ ልመናውን ይጽፍና ይሰቅላል፤ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ሰብስበው ያቃጥሉታል፣ ጢሱ ልመናውን ያደርሳል። «ስለት ነዋ!» አለች የሺሀረግ፣ በመጨረሻ የገባት ነገር በመገኘቱ ደስ ብሏት።

ነጭና ቀይ የለበሰችው የመቅደሱ ልጅ ከጣውላው ጋር አንዲት ተለጣፊ ወረቀት ሰጠቻት። «ለፕራይቬሲ ነው፣ ሰው እንዳያነብብሽ ትሸፍኝበታለሽ» አለች ሂዊ።

«ለምኔ? ፊደሌ መች አነሰኝ! እዚህ ደግሞ ማን አማርኛ ያነባል?» ብላ መለሰችላት።

ከዚያ ጻፈች። ለማርያም ያልነገረቻትን ነው የጻፈችው። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለችው ማርያም ተሻገርን ስታጥብ በየቀኑ ታያታለች፣ ጎሽ ልጄ የምትላት ይመስላታል፤ ያንን ማጣት አልፈለገችም። ለንስሐ አባቷም አልነገረችም። ለሌላው ሰው እሷን ምሳሌ እያደረጉ ሲመክሩ ሰምታለች። ይህ ከሳንቃ ኋላ ያለው ግን አያውቃትም፣ ነገም አያገኛትም። ለመንገደኛ ሆድን ማራገፍ ቀላል ነው። እጇ ሳይቆም እስከ መጨረሻው ጻፈች፤ ስትጨርስ ደረቷ ቀለላት፣ አፈረችም።

«ምን ጻፍሽ?» አለች ሂዊ፣ የማታነበውን ጣውላ አተኩራ እያየች።

«ለአባትሽ ጤና።»

«ኦው፣ ማሚ» ብላ አቀፈቻት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከእጅ የወጣውማ ሊቃጠል ጥቂት ቀን ሲቀረው ከዊተን የመጣ ልጅ ካሜራ ይዞ ይጠብቀዋል።

*

ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ቤቷ፣ እስከ ላንድማርክ፣ እንዴት እንደነዳች አታስታውስም። የዊልሰንን ድልድይ ስትሻገር ብቻ ጮክ ብላ «አላየውም» አለች፤ ማንን እንደለመነች እንጃ።

ቤት ስትገባ ተሻገር በመስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ያያል። ታብሌቱ ደረቱ ላይ ተደፍቷል።

«ማኅበሩ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነው። ይሄ ነገር ቻርጁ አልቋል መሰል፣ ላምጣው» አለችና ወስዳ ከፎጣዎቹ ሥር ሸሸገችው። በማግስቱ ተበላሽቷል አለችው።

«ይሁን» አለ።

ያኔ ነበር ማወቅ የነበረባት። ዋይፋይ ግማሽ ሰዓት ሲጠፋ እንደ ሕፃን የሚነጫነጭ ሰው ታብሌት አጥቶ አምስት ቀን ዝም አይልም። እሷ ግን ዝምታውን ወደደችው፤ ዳንኩ አለች፤ ለዚያች ማርያም ጧፍ አበራች። የፈራ ሰው የሚያየው ማየት የፈለገውን ነው።

ከዚያ ማመስገን ጀመረ። ስታጎርሰው በየጉርሻው «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ስትገለብጠው «አመሰግናለሁ»፣ ስታጥበው «አስቸገርኩሽ»። አርባ ዓመት ባልና ሚስት ሆነው እንዲህ ያለ ነገር በመካከላቸው ኖሮ አያውቅም። ሾርባው ትኩስ ሲሆን ይቆጣት ነበር፤ አሁን ምላሱ እየተቃጠለ ያመሰግናል። የሺሀረግን የምስጋናው ብዛት ከስድቡ ይልቅ ያስፈራት ጀመር።

ሐሙስ ከሰዓት ሂዊ ሳትደውል መጣች፤ ወረቀት ይዛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ማሚ፣ ዳዲ ኮል አድርጎኝ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ነርሲንግ ሆም ቦታ አግኝተናል። ሂ ዋንትስ ቱ ጎ።»

«ነርሲንግ ሆም? መጦሪያ ቤት? ማንን? እኔ በቁሜ?» የሺሀረግ ጮኸች። «ሰው ምን ይለኛል? አስታማሚ እንደሌለው እንደ ፈረንጅ ሽማግሌ ሊጣል?»

«አትቆጫት» አለ ተሻገር። «እኔ ነኝ ያልኳት።»

«ምን አጎደልኩብህ ተሼ?»

«ምንም።» ምላሱ ስለሚከብደው ቃሉን አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው። «ስድስት ዓመት አጠብሽኝ፣ አጎረስሽኝ። ደከመሽ።»

ቃሎቹ በጣውላው ላይ በነበሩበት ተራ ነው የመጡት። የሺሀረግ የአልጋውን ብረት ያዘች። ሂዊ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ እሷም በስልኳ አስተርጉማ አንብባዋለች ማለት ነው።

«መቼ አየኸው?»

«ካንቺ በፊት። ልሳነወርቅ ናት የላከችልኝ። እንድስቅበት።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ክቦቹን ሳይ አወቅኩ።»

ያወቃቸዋላ! ክቦቹ የራሱ ናቸው። የመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ደብረ ሲና ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ የሃያ ሁለት ዓመቱ አስተማሪ ተሻገር ጥቁር ሰሌዳው ላይ አራት ነጥብን በጠመኔ ክብ ክብ አድርጎ ይጽፍ ነበር። አባቷ ትምህርት ቤት የከለከሏት የአሥራ ሰባት ዓመቷ የሺሀረግ ከኋላ ተቀምጣ፣ እሱ የጻፈውን ሁሉ እሱ እንደጻፈው ገለበጠች። እጇን ይዞ «ሀ»ን ያስጻፋት እሱ ነው። የነጥቡን አጻጻፍ ግን አላስተማራትም፤ እሷ ወዳው የሰረቀችው ነው።

«ሞትህን ፈልጌ አይደለም» አለችው።

«ታዲያ ምን ነበር የፈለግሽው?»

ደክሟት ነበር፤ መተኛት ፈልጋ ነበር፤ እሱም እንዲያርፍ ፈልጋ ነበር፤ ደግሞም፣ መካድ አይቻልም፣ ያንን የጻፈችውንም ፈልጋ ነበር። አንድ ቀን፣ የአንድ ጣውላ ያህል።

«ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለ ተሻገር። የሚሠራው ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ውቅያኖስ ተሻግረሽ ለማታውቂው ነገርሽ። እኔ እዚሁ ነበርኩ፣ የሺ። የትም አልሄድኩም’ኮ።»

ለመነችው። እግሩ ሥር ተንበረከከች፤ ያንን የማይታዘዘውን ቀኝ እግሩን ይዛ አለቀሰች። ግራ እጁን ራሷ ላይ አላሳረፈም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት ዕድለኛ ናት፤ የጣለችው ቢያንስ መሬት ላይ ነው፣ ጎንበስ ብላ ታነሣዋለች።

*

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ቫን መጥቶ ከነዊልቸሩ ወሰደው። የሺሀረግ በመኪናዋ ከኋላ ተከተለች። ልሳነወርቅ ከነርሲንግ ሆሙ ወሬ ወዲህ ስልክ አታነሣም፤ የወሩ ማኅበር ማን ቤት እንደሚወጣም ለየሺሀረግ የነገራት የለም። ሰዎቹ መደመር ያውቃሉ፤ ስድስት ዓመት፣ ዳላስ፣ ነርሲንግ ሆም።

ክፍሉ ንጹሕ ነው፤ ሁለት አልጋ አለው፤ የሌላኛው አልጋ ሽማግሌ አንቀላፍተዋል። ተሻገርን ገልብጣ ያስተኛችው አስታማሚ ብርሃነሽ ትባላለች፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሥራዋን ታውቃለች። የሺሀረግ ሁለቴ እጇን ዘረጋች፣ ሁለቴም የምትረዳው ነገር አጣች።

«እትዬ፣ አይጨነቁ» አለቻት ብርሃነሽ። «እዚህ ከአምስታችን አራታችን ሐበሻ ነን፤ ጋሼ እንግዳ አይሆኑም።» ከራስጌው ትንሽ ነጭ ሰሌዳ አውርዳ ከብዕር ጋር ሰጠቻት። «ስለ እሳቸው ትንሽ ይጻፉልን። ማን እንደነበሩ፣ ምን እንደሚወዱ። የሌላ ሺፍት ሠራተኛ ሲመጣ እንዲያውቃቸው ነው። በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ።»

የሺሀረግ ሰሌዳውን ይዛ ቆመች። ስፋቱ ካንድ ጣውላ ብዙም አይበልጥም።

«በአማርኛ አድርጊው» አለ ተሻገር ከትራሱ ላይ። በግማሽ አፉ ፈገግ አለ፤ ያው ጃፓን የሸኛት ፈገግታ ነው። «ማንም አያነበውም።»

ብዕሩን ከፍታ ጻፈች። ተሻገር ወልደየስ። መምህር ነበር። ሾርባው ለብ ይበልለት። በቀኝ ጎኑ አታስተኙት፣ አይናገርም እንጂ ያመዋል። ከዚህ ሌላ የምታውቀው ብዙ ነበር፤ ሰሌዳው ሞላ። አንገቷን ቀና ስታደርግ ነው ያደረገችውን ያየችው፤ አራት ቦታ፣ አራት አራት ክብ። በመዳፏ ልታጠፋው ስትል ብርሃነሽ ተቀበለቻት።

ልጅቷ ፈገግ እያለች ማንበብ ጀመረች፤ ፈገግታዋ መሃል ላይ ቆመ። ሰሌዳውን አየች፣ የሺሀረግን አየች፣ መልሳ ሰሌዳውን አየች።

«እትዬ… ይሄን ጽሕፈት የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ» አለች በዝግታ።

የሺሀረግ ለዚህ የሚሆን ዳላስ አልነበራትም።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳት» አለ ተሻገር፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።